ሰው የሌለበት ሣር

ዩትሬክት፣ ሆላንድ
መስከረም 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለወይዘሮ ሙሉዬ ወርቁ
ሱሉልታ

እንደ እናት ሆነሽ ያሳደግሽኝ እትዬ፣ አንቺ፣ ባለቤትሽ ኦቦ ባይሳና ልጃችሁ ደራርቱ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ የሰበታዋ ማርያም በሰማይም በምድርም ጠብቃኝ በሰላም ደርሻለሁ። ፊታውራሪ ተሾመም ደኅና ናቸው፤ አይሮፕላኑ ውስጥ ጆሯቸው ተደፍኖ ሰው ሲያናግራቸው «ጮክ በል እንጂ!» ሲሉ ሰነበቱ እንጂ ሌላ አልነካቸውም።

ያለንበት ከተማ ዩትሬክት ይባላል። መሐል ለመሐል ቦይ ተቆፍሮ ውኃ ይሄድበታል፤ ከውኃው ዳር፣ ከመንገዱ ሥር፣ እንደ ዋሻ የተሠሩ መጋዘኖች አሉ። ድሮ ዕቃው ከጀልባ ወርዶ በቀጥታ እዚያ ይገባ ነበር አሉኝ። አሮጊት ሳይቀር በቢስክሌት ነው የሚሄደው። ካየሁት ሁሉ የገረመኝ የደወል ግንባቸው ነው። ግንቡ ለብቻው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ለብቻው ቆሟል። ድሮ አንድ ሆነው ሳለ ዐውሎ ነፋስ መጥቶ መካከሉን አፈረሰው፤ ሰዎቹም መልሰው አልሠሩትም። ደረጃውን ስወጣ ፊታውራሪ ታች ቀሩና «ያየኸውን ንገረኝ፤ እኔ አምንሃለሁ» አሉኝ።

የመጣንበት ጉዳይ ወተት ነው። ፊታውራሪ የሆላንድ ላሞችና የማለቢያ መኪና ገዝተው ለአዲስ አበባ ወተት የሚያቀርብ ትልቅ እርሻ ሊያቋቁሙ አስበዋል። ሻጩ ሚስተር ሆክስትራ የሚባል ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነው። እሱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ፊታውራሪ በአማርኛ፤ እኔ መካከላቸው ተቀምጬ የሁለቱም አፍ ሆኛለሁ። ላሞቹን ብታያቸው! ጥቁርና ነጭ፣ ጡታቸው መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። እርሻው በሱሉልታ ሜዳ ላይ ይሆናል ሲሉ ስለሰማሁ፣ ኦቦ ባይሳ ከብት የሚያውቅ ሰው ነውና አንድ የሥራ ቦታ እንዲሰጡት እለምንለታለሁ።

ደብዳቤሽን በሆቴሉ አድራሻ ላኪልኝ። የናፈቀሽ ወንድምሽ፣
ገብረየስ


ሱሉልታ
ጥቅምት 5 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአቶ ገብረየስ ወርቁ
ባለህበት

ያወጣህ አምላክ በደኅና ያግባህ፣ ወንድሜ። ደብዳቤህን ሸምሰዲን ከአዲስ አበባ ለሱቁ ዕቃ ሲያመጣ አብሮ አመጣልኝ። ለባይሳ በኦሮምኛ እየተረጎምኩ አነበብኩለት፤ የላሞቹን ጡት ስነግረው ሳቀና «እንዴት ብለው ይራመዳሉ?» አለ። ደራርቱ ደግሞ ቢስክሌት የምትነዳውን አሮጊት ደጋግሜ እንዳነብላት አስቸገረችኝ። ባይሳ «አካም ጅርታ?» ብሎሃል።

እኛ ጤና ነን። ዝናቡ በደንብ ጥሎልናል፤ ገብሱም አሽቷል። ይህን ያህል ያማረ ገብስ ከመጣሁ ወዲህ አላየሁም፤ ባይሳ እንኳ ጠዋት ጠዋት ዝም ብሎ ቆሞ ያየዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው ማክሰኞ ቀያሾች መጡ። መነጽር የተገጠመለት ባለሦስት እግር ዕቃ እያቆሙ፣ ቀይ የተቀባ ችካል እየተከሉ ከወንዙ እስከ ቤታችን ጓሮ ድረስ ዘለቁ። አንዱን ችካል ገብሱ መሐል ተከሉት። ባይሳ እንግዳ ናቸው ብሎ እርጎ ሰጣቸው፤ ጠጥተው ሲጨርሱ «ይህ ለምንድን ነው?» ቢላቸው፣ «ጌታው ያውቃሉ» አሉት። የፊታውራሪውን ወኪል አቶ ዳኜን ጠየቅነው፤ እሱ ደግሞ ጫማውን ሲያይ ቆይቶ ሄደ።

መሬቱ የፊታውራሪ መሆኑን እናውቃለን። የባይሳ አያት ያቀኑት፣ አባቱም ሲሶውን እየከፈሉ የኖሩበት ነው እንጂ የእኛ ነው አንልም። ግን አሥራ አንድ አባወራ ነን፤ ነገሩን ማወቅ እንፈልጋለን። አንተ ከጎናቸው ነህና ደስ ባላቸው ሰዓት ቀስ ብለህ ጠይቅልኝ።

እህትህ ሙሉዬ


ዩትሬክት
ጥቅምት 22 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እትዬ፣

በያላችሁበት ሰላም ይብዛላችሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ የገብሱን ነገር ሳነብ ደስ አለኝ።

እዚህ ሥራው በዝቶብናል። በሳምንቱ ውስጥ የወተት ፋብሪካና የመኖ መጋዘን ስንዞር እንውላለን፤ እሑድ ሲሆን ግን ሚስተር ሆክስትራ በመኪናው እየወሰደ አገሩን ያሳየናል። ባለፈው እሑድ የነፋስ ወፍጮዎቹን አየን። በወንዝ ዳር በረድፍ ተደርድረው ቆመዋል፤ ክንፋቸው ሸራ ለብሶ ሲሽከረከር በሩቅ የሚጨፍሩ ሰዎች ይመስላሉ። እኔ እህል የሚፈጩ መስለውኝ ነበር፤ ለካ ውኃ የሚቀዱ ናቸው። አገሩ ከባሕር በታች ስለሆነ ውኃው እንዳይውጣቸው ቀንና ሌሊት እየቀዱ ነው የኖሩት። አንደኛው ውስጥ ቤተሰብ ይኖርበታል። ሚስትየዋ አስገብታን አልጋቸውን ሳይቀር አሳየችን፤ እንደ ቁም ሳጥን ከግድግዳው ውስጥ የተሠራ አጭር አልጋ ነው፤ ድሮ ተቀምጠው ነበር አሉ የሚተኙት።

ከዚያ ፎርማጆ፣ የፈረንጅ አይብ ማለት ነው፣ ወደሚሸጥበት ከተማ ሄድን። ፎርማጆው እንደ በርጩማ መቀመጫ ክብ ነው፣ ቢጫ ነው፤ ሻጭና ገዢ ዋጋ ሲከራከሩ መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ ነው። ፊታውራሪ ይህን ወደዱትና ከአንዱ ሻጭ ጋር ሳይገዙ ብዙ ጊዜ ተማቱ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከመጣን ወዲህ እንደዚያ ቀን ተደስተው አላየኋቸውም።

ስለ ችካሉ የጻፍሽውን አይቼዋለሁ። ጊዜ ሳገኝ እጠይቃለሁ። አሁን ብርዱ ጀምሯል፤ ካፖርት ገዝቻለሁ።

ወንድምሽ ገብረየስ


ሱሉልታ
ኅዳር 4 ቀን 1961 ዓ.ም.

ወንድሜ ገብረየስ፣

እግዚአብሔር ከብርዱ ይሸሽግህ። እኛ አለን።

ስለ ነፋስ ወፍጮ ጻፍክልኝ፣ አነበብኩት። ስለ ፎርማጆም ጻፍክልኝ፣ እሱንም አነበብኩት። ባይሳ «ስለ እኛስ ምን ይላል?» አለኝ። «ጊዜ ሲያገኝ ይጠይቃል» አልኩት። ወጥቶ ሄደና እስኪመሽ አልተመለሰም።

አሁን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ራሱ ነገሩ መጥቷል። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አቶ ዳኜ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ቆሞ ጠበቀን። «መሬቱ ለወተት እርሻ ተፈልጓል፤ ፊታውራሪ ሳይመለሱ ልቀቁ» አለ። ኦቦ ጃራ፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ «ገብሱስ?» አሉ። «ሣር ነው የተፈለገው፤ ገብስ አልተፈለገም» አላቸው። «እኮ እኛ የት እንሂድ?» ቢሉት «እሱን እኔ አላውቅም» ብሎ በቅሎው ላይ ወጣ። ሴቶቹ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። አንተን አሰብኩ።

ወንድሜ፣ አባታችን ሲሞት አንተ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ከሰበታ ሳገባ አዝዬህ ነው የመጣሁት፤ ባይሳ አንድ ቀን «ይሄ ልጅ የማን ነው?» ብሎ ፊቱን አጥቁሮብህ አያውቅም። በሬ ሸጦ ነው አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ያስገባህ። ይህን የምነግርህ ልቆጥርብህ አይደለም። እንድትናገርልን ነው። አፍህ ለጆሯቸው ቅርብ ነው። የእህቴ ቤት ነው በላቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ካፖርቱንም፣ ያየኸውን አገርም በደኅና ያልብስህ፣ ያሳይህ። ብቻ ይህን ተናገር።

እህትህ ሙሉዬ


ሱሉልታ
ኅዳር 16 ቀን 1961 ዓ.ም.

ወንድሜ ገብሬ፣

ምስጋና ለእሱ ይሁን፤ ዛሬ በጥሩ ነው የምጽፍልህ። ያለፈውን ደብዳቤዬን ቀደህ ጣለው።

ባይሳና ኦቦ ጃራ ሽማግሌ ይዘው አቶ ዳኜ ቤት ሦስት ቀን ተመላለሱ። በመጨረሻ «ቶሌ፣ እሺ» አለ። ገብሱን አጭደን፣ ወቅተን እስክናነሣ አይነካንም። ከዚያም በኋላ ወንዙን ተሻግሮ ባለው ድንጋያማ ቁራጭ ላይ ቤት ሠርተን እንድንቀመጥ፣ ወንዶቹም ለእርሻው ሣር አጫጅ እንዲሆኑ ለፊታውራሪ በጎ ቃል አቀርባለሁ ብሏል። ትልቅ ነገር አይደለም። ግን ክረምቱን በጎተራችን እህል እናልፋለን፣ ደራርቱም ከጓደኞቿ አትለይም። ባይሳ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳውን ጨረሰ።

አንድ ነገር ግን አቶ ዳኜ አጥብቆ ነግሮናል። «ነገሩ ፊታውራሪ ጆሮ በሌላ በኩል እንዳይገባ። ክስ አቀረቡብኝ ብለው ካሰቡ ያኔ እኔም አላድናችሁም» ብሏል። ስለዚህ ወንድሜ፣ እባክህ፣ እስካሁን ካልተናገርክ አትናገር። ዝም በል። ገብሱ ለማጨድ አሥር ቀን ቢቀረው ነው።

የደስ ደስ ያለው አገር ካለ ደግሞ ጻፍልኝ፤ ደራርቱ ጠይቃለች።

እህትህ ሙሉዬ


ዩትሬክት
ኅዳር 18 ቀን 1961 ዓ.ም.

እትዬ፣

የኅዳር 4 ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ዛሬ ግን ፊቴን ቀና አድርጌ ልጽፍልሽ እችላለሁ። ተናግሬአለሁ።

ከዚያ በፊት ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የነፋስ ወፍጮውን ደብዳቤ ከመጻፌ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሚስተር ሆክስትራ ቢሮ የሱሉልታን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ነበር። ወንዙን በጣቱ ተከትሎ መጣና «በዚህ መሬት ላይ የሚኖር ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ለፊታውራሪ ተረጎምኩላቸው። «ሰው የለበትም፤ ሣር ብቻ ነው በለው» አሉኝ። ጣቱ ያረፈው የእናንተ ጓሮ ላይ ነበር። የችካሉ ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔም «ሰው የለም፤ ሣር ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ስለ ፎርማጆ የጻፍኩልሽ ስለዚህ መጻፍ ስላልቻልኩ ነው።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ሚስተር ሆክስትራ ከባሕር ወደተወሰደ አዲስ መሬት ወሰደን። ባሕሩን በረጅም ግድብ ከልለው ውኃውን በሞተር ቀድተው ጨረሱት፤ መሬቱ ብቅ ያለው ዘንድሮ ነው። ግድቡ ላይ ቆመን አየነው። ዛፍ የለ፣ ጎጆ የለ፣ ዓይንሽ እስኪደክም ጭቃና ሸምበቆ ነው። ነፋሱ የፊታውራሪን ባርኔጣ ወስዶት ሚስተር ሆክስትራ ሮጦ ያዘላቸው። «እዚህ ከዓሣ በቀር የኖረ ማንም የለም» አለ። ፊታውራሪ «የታደሉ ናቸው፤ ጭሰኛ የሌለበት መሬት!» አሉ። ይህን አልተረጎምኩም። «ምን አሉ?» ቢለኝ «ያምራል አሉ» አልኩት።

ትናንት የሚፈረምበት ቀን ነበር። ሚስተር ሆክስትራ ብዕሩን ሲያነሣ «ይቅርታ» አልኩ፣ ማንም ሳያዘኝ። «ቀደም ሲል የተረጎምኩት ልክ አይደለም። በመሬቱ ላይ አሥራ አንድ አባወራ ይኖራል። የአንዱ ሚስት እህቴ ናት።» ብዕሩን አስቀመጠ። አየኝ። «ይህን ጌታህ ያውቃሉ?» አለ። እንግዲህ የራሴን ቃል ለፊታውራሪ መልሼ መተርጎም ነበረብኝ። ተረጎምኩ። ፊታቸው አልተለወጠም።

«ይነሣሉ በለው» አሉ።
«ወዴት?» አለ ሆክስትራ።
«አገሩ ሰፊ ነው በለው።»

ሆክስትራ «ይህ የአገራችሁ ሕግ ጉዳይ ነው፤ እኔ ከብት ነው የምሸጠው» ብሎ ፈረመ። ሲጨብጠኝ ግን ዓይኔን አላየም።

ደጅ ስንወጣ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። «እህትህ መሆኗን ብትነግረኝ ኖሮ» አሉና ሳይጨርሱት ተዉት። ከዚያ ቴሌግራም ቤት ገብተው እኔን ውጭ አቆሙኝ። ምናልባት ልባቸው ራርቶ፣ ለአቶ ዳኜ «ተዋቸው» ብለው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለኦቦ ባይሳ ንገሪው፤ ዘግይቼም ቢሆን ተናግሬአለሁ።

ወንድምሽ ገብረየስ


ዩትሬክት
ኅዳር 27 ቀን 1961 ዓ.ም.

እትዬ፣

ዝም በል ያልሽበት ደብዳቤ አሁን ደረሰኝ። የሆቴሉ ሴትዮ ሰጠችኝና ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የኔ እናት፣ ተናግሬ ነበር እኮ። ስትጽፊው ገና አልተናገርኩም ነበር፤ በማግስቱ ነው የተናገርኩት።

ፊታውራሪ ትናንት ብቻቸውን ሄዱ። አስተርጓሚ እንደማያስፈልጋቸው በሆቴሉ ሰው በኩል ነገሩኝ። የመመለሻ ቲኬቴን ትተውልኛል፤ የአይሮፕላኑ ቀን ግን ገና ነው። ወደ ሚስተር ሆክስትራ ቢሮ ሄድኩ፤ ጸሐፊዋ ውጭ አገር ነው አለችኝ። መኪናው ግን ደጅ ቆሟል።

ከተማውን ስዞር እውላለሁ። ቦዩ ዳር ሰዎች ተቀምጠው ይስቃሉ። እባክሽ ገብሱ ታጨደ በይኝ። አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ። ታጨደ በይኝ።

ገብረየስ


ቡራዩ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለገብረየስ፣

ጤና ይስጥህ። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የቆየሁት ቡራዩ ስለመጣን ነው፤ ሸምሰዲን የት እንዳለን እስኪያውቅ ጊዜ ወሰደበት።

ገብሱ አልታጨደም። የጠየቅኸኝ እሱን ስለሆነ አስቀደምኩት።

የጽዮን ማርያም ማግስት ጠዋት ትራክተር መጣ። አቶ ዳኜ ከፊት፣ ፖሊሶቹ ከኋላ። ባይሳ «ቃል ሰጥተኸን የለም ወይ?» አለው። አቶ ዳኜ ቴሌግራሙን ከኪሱ አውጥቶ አሳየው፤ «ዛሬውኑ አስነሣ ብለዋል። እኔ ልረዳችሁ ነበር፤ የሚስትህ ወንድም ፈረንጅ ፊት አዋረዳቸው» አለ። ይህን ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። ሁሉም ሰማ።

ትራክተሩ ከታች ከወንዙ በኩል ጀመረ። ያኔ ባይሳ ማጭዱን ይዞ ሮጠ። ሊማታ መስሎኝ ጮኽኩ፤ እሱ ግን ከትራክተሩ ፊት ገብቶ ማጨድ ያዘ። ከዚያ ሁላችንም ገባን፤ ሴቱም ልጁም፣ ማጭድ የሌለውም በእጁ እየነቀለ። ገብሱ ጥቂት እርጥብ ነበረ፣ ግን ይሆን ነበር። ትራክተሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሰውዬው፣ ሾፌሩ፣ እኛን ላለማየት አንገቱን አዙሮ ነበር የሚነዳው። የምናጭደው ከሚገለበጠው ያንሳል። እኩለ ቀን ሲሆን አንድ ጎተራ የማይሞላ ነዶ ይዘን ዳር ላይ ቆምን። ባይሳ «ያ ዋቃ!» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቤቱን ሲያፈርሱት ዞር ብሎ አላየም።

አሁን ያለነው ቡራዩ፣ የባይሳ ታላቅ ወንድም ነገሳ ቤት፣ ከከብቶቹ ጋር በተከፈለች ክፍል ውስጥ ነው። ሌሎቹ ተበታትነዋል። ጎረቤታችን ድንቅቱና ባሏ መናገሻ እንጨት ሊቆርጡ ሄደዋል። ኦቦ ጃራ ገላን፣ ልጃቸው ጋ ናቸው።

ገብሬ፣ የምነግርህን አሁን አንብበው። ሰው ሁሉ ያፈረሰን አንተ ነህ ይላል። ፊታውራሪ ገፉን አይሉም፤ እሳቸው ከድሮም እንደዚያው ናቸው ይላሉ። ልጅ አድርገው ያሳደጉት ዞረብን ይላሉ። ባይሳ አንተን አንድ ቀን አልሰደበም። ብቻ አያናግረኝም። ሳቀርብለት ይበላል፤ ስጠይቀው ግድግዳውን ያያል። ነገሳ «ይህች ሴት የወንድሟ ወገን ናት፤ ወደ ሰበታዋ ትመለስ» አለ። ደራርቱ ደግሞ የእነሱ ልጅ ናት፤ ይዣት መሄድ አልችልም።

ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌ ተቀመጠ። ኦቦ ጃራ ከገላን ድረስ መጡ። አንተ ልጅ ሳለህ ከማሳቸው ባቄላ እየቀጠፉ ይሰጡህ የነበሩት ናቸው፤ እኔን ሲያዩ ግን አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ እዚህ ቤት መቀመጥ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«አዎን፣ አባቴ» አልኩ።

«እንግዲያው ስለዚያ ሰው ምን ትያለሽ? በሰው ሁሉ ፊት ተናገሪ።»

ባይሳ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። ሊያስጨክነኝ ይሁን ሊያስተወኝ አላወቅሁም። «ወንድም የለኝም» አልኩ። «አባቴ ሲሞት እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት» አልኩ። ኦቦ ጃራ «ተሰማ» አሉና ተነሡ።

ስለተናገርክ አልፈርድብህም። ተናገር ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ዝም በል ያልኩህም እኔ ነኝ። ፊታውራሪ «ሣር ነው» ሲሉ አንተም «ሣር ነው» ያልክበት ቀን ግን ከልቤ አይወጣም። የዚያን ቀን ተናግረህ ቢሆን ገብሱ ገና እሸት ነበር፤ ሰውም ሌላ መላ ይፈልግ ነበር። ይህን ደብቄ ልሸኝህ አልቻልኩም።

አገር ቤት ስትገባ ሰበታ ውረድ። የአባታችን ቤት ቁልፍ ጎረቤታችን የሺወርቅ ጋ ነው፤ ጣሪያው ክረምት ያፈስ ነበርና አስጠግነው። ሚስት አግባ። ወደ ቡራዩ አትምጣ። ሰው አትላክብኝ፣ ደብዳቤም አትጻፍ፤ ሸምሰዲን ከእንግዲህ እንዳይቀበል ነግሬዋለሁ።

ደራርቱ ዛሬም ስለ አንተ ጠየቀችኝ። «ሩቅ አገር ነው» አልኳት። ከተመለስክም በኋላ እንዲሁ ነው የምላት።

ሙሉዬ